የሰንበሌጥ አምባው ተንበርካኪ መድፍ

ሰንበሌጥ አምባ አናት ላይ፣ መኪና በማይደርስበት ገደል አፋፍ፣ ጣሊያን ጥሎት የሄደ አንድ መድፍ በአንድ ጎኑ ተንበርክኮ ይታያል። ለወደቁት መታሰቢያ ሆኖ ሳለ ለምን ገበያው መሀል እንዳልቆመ አገሬው እንዲህ ይተርካል።

ጠላት ሲወጣ መድፉ ወንዝ ውስጥ ተጥሎ ቀረ። ከዓመታት በኋላ የአገሩ ሰዎች በበሬ ጎትተው አወጡት፤ ዝገቱን በአሸዋ ፈቅፍቀው፣ የተሰበረውን መንኮራኩር በወይራ እንጨት ተክተው አደሱት ይባላል። ገበያው መሀል ሊያቆሙት ሲወስዱት ግን፣ በዚያው መድፍ ልጃቸው የሞተባቸው ወይዘሮ ይርገዱ መንገዱ ላይ ተቀመጡ።

«ልጄን የገደለውን አጥባችሁ ልትሾሙት ነው? በዚህ አገር ነፍሰ ገዳይ ሳይታረቅ ገበያ ይወጣል?»

በአገሩ ደንብ ገዳይ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ከሟች ደጃፍ ተንበርክኮ ምሕረት ይለምናል፤ ድንጋዩን የሚያወርድለት የሟች ወገን ብቻ ነው።

«ብረት በምን ጉልበቱ ይንበርከክ?» ብሎ አንዱ ሳቀ።

የሽማግሌዎቹ አለቃ አባ ጎንጤ አልሳቁም። «አንድ እግሩን ንቀሉለት» አሉ።

መንኮራኩሩ ሲነቀል መድፉ ወደ ጎን ዘመመ፤ ድንጋይም በሰንሰለት አንገቱ ላይ ታሰረለት። እንደሚነገረው ያን ጊዜ ወንዶቹ ሳያውቁት ኩታቸውን አደግድገው ነበር። ወይዘሮ ይርገዱ ብዙ አልቅሰው ድንጋዩን አወረዱ።

«እኔ ምሬዋለሁ። ስለ ሌሎቹ እናቶች ግን ልምረው አልችልም።»

ስለዚህ መድፉ ሰው ወደሞተበት ቤት ሁሉ እየተጎተተ፣ በየደጃፉ መንኮራኩሩ እየተነቀለ እየተንበረከከ፣ ድንጋዩ እየታሰረና እየወረደ ሄደ። የመጨረሻዋ ሐዘንተኛ አምባው ላይ የሚኖሩት፣ ልጆቻቸው ሁሉ ያለቁባቸው ወይዘሮ ጥሩዓለም ነበሩ። ዳገቱ በሬዎቹን ስላሸነፈ ሰው በትከሻው ጎተተው የሚሉ አሉ፤ በሬዎቹ ናቸው ያወጡት የሚሉም አልጠፉም። ወይዘሮ ጥሩዓለም ከቤት ወጥተው ድንጋዩን በእጃቸው ዳሰሱት፤ አላወረዱትም።

«እትዬ፣ ስለ እግዚአብሔር!» አሉ አባ ጎንጤ።

«አልቻልሁም፣ አባ ጎንጤ። እዚሁ ይቆይ። የቻልሁ ዕለት እነግራችኋለሁ።»

ማንም አልተቆጣቸውም፤ ሳይታረቅ ይውረድ ያለም አልነበረም። እሳቸውም ሳይናገሩ ሞቱ።

በየዓመቱ፣ ሚያዝያ ሃያ ሰባት፣ አገሬው አምባውን ወጥቶ መድፉን ጠርጎ ቅባት ይቀባዋል። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ወደ ፈረሰው ቤት ዞር ብሎ፣ «እትዬ ጥሩዓለም፣ ዘንድሮስ?» ብሎ ይጠይቃል። ሕዝቡ በዝምታ ይጠብቃል። ቆይቶም ድንጋዩን እንደታሰረ ትቶ ይወርዳል።