የይርገዱ ጎመን

ድሮ ነው፣ ልጆቼ፤ የአያቴ እናት እንኳ ገና ሳትዳር። ዝግባ ሜዳ በምትባል መንደር ይርገዱ የምትባል ድኻ ባልቴት ነበረች። ከጎጆዋ ጀርባ ሦስት መደብ ጎመን ነበራት። ሌላው ሰው ጎመኑን እስከ ሥሩ ቆርጦ ይበላል፤ እሷ ግን ደህና ደህናውን ለዘር ትተወዋለች። ያብባል፣ ያፈራል፤ ዘሩን በቅል ታስቀምጣለች። ሰኔ ሲገባ መንደሩ ሁሉ እጁን ዘርግቶ ይመጣል፤ ለሁሉም ትቆነጥርለታለች። ዘር ማስቀመጥ ማንን ትዝ ይበለው፤ ይርገዱ አለችላቸው።

አንድ ዓመት መስከረም ላይ በረዶ ወረደ። ይርገዱ ያለቻትን አንድ ጋቢ አውጥታ ለዘር በቆመው ጎመን ላይ ዘረጋች። ጎመኑ ተረፈ፤ እሷን ሳል ያዛት። ሰኔ ሲገባ ለሁሉም ቆነጠረችላቸው።

በሌላው ዓመት ዝናቡ ቶሎ ተቋረጠ፤ ምንጩ ደረቀ። ይርገዱ ገደል እየወረደች፣ ውሃ በእንስራ እያዘለች አጠጣች። ጎመኑ ተረፈ፤ ወገቧ ጎበጠ። ሰኔ ሲገባ ለሁሉም ቆነጠረችላቸው። ስለ ወገቧ የጠየቃት የለም፤ ይኼ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

በሦስተኛው ዓመት እግሯ አብጦ ከሥራ ቀረች፤ እህሏም አለቀ። ጥቅምት ነበር፤ የሰው ጓሮ ሁሉ በጎመን ሞልቷል። በዱላ እየተደገፈች ጎረቤቷ ማንጠግቦሽ ዘንድ ሄዳ አንድ እፍኝ ቅጠል ለመነቻት።

«እማማ ይርገዱ፣ ጓሮዎ ሞልቶ ከእኛ ምን ይሻሉ? ከጓሮዎ ይቁረጡ እንጂ» አለቻት።

«እሱማ የእናንተ ዘር ነው፣ ልጄ።»

ማንጠግቦሽ ሳቀች። በሁለተኛው ቤት ከጓሮዎ ይቁረጡ አሏት። በሦስተኛውም ከጓሮዎ ይቁረጡ አሏት። እስከ መንደሩ ጫፍ ሌላ ቃል አልሰማችም።

ይርገዱ ተመለሰችና ማጭድ አነሳች። እጇ እምቢ አላት፤ ረሃቡ ግን ጠናባት። ያበበውን ጎመን እየቆረጠች፣ እየቀቀለች፣ እያለቀሰች እስኪያልቅ በላችው።

ሰኔ ገባ። መንደሩ እጁን ዘርግቶ መጣ። ይርገዱ ባዶውን ቅል ገልብጣ አሳየቻቸው።

«ከጓሮዬ ቆረጥኩ» አለቻቸው።

ሰዎቹ ዘር ፍለጋ የሁለት ቀን መንገድ ሄዱ። ሲመለሱ ይርገዱ ሞታ ጠበቀቻቸው።

ከዚያ ወዲህ በዝግባ ሜዳ እያንዳንዱ ቤት አንድ ጎመን ሳይነካ ለዘር ይተዋል፤ ጎመኑንም «ይርገዱ» ይሉታል። ቅጠል የለመነን ሰው ከጓሮህ ቁረጥ ማለት እዚያ ትልቅ ነውር ነው። ደግ ልማድ ነው ይላሉ፤ ይሁን። እኔን ግን ይመረኛል። በቁሟ አንድ ቅጠል የነፈጓት ሰዎች ናቸው ስሟን ለጎመን የሰጡት።