ሐመልማል የነዳችው ሞተር

አንድ ቀን የቢሾፍቱው አቶ ዘውገ ለልጃቸው ሞተር ገዙ። አቶ ዘውገ የሰፈሩ ዕድር ሊቀመንበር ናቸው፤ የማያውቁት ነገር ደግሞ የለም። ሐኪም ቤት ሄደው ለሐኪሙ መድኃኒት ያዝዙለታል፤ ሠርግ ተጠርተው ወጥ ቤት ገብተው ጨው ያስጨምራሉ። ለሐመልማል ዘጠነኛ ዓመት ልደት የገዙላት ሞተር ባለ አራት ጎማ፣ ቀይ፣ ለጀማሪ ልጆች ተብሎ የተሠራ ነበር። ፍጥነቱ እንዳይበዛ የነዳጅ መስጫው በብሎን ተገድቧል። ኋላው ላይ «ከአርባ ኪሎ በላይ አይጫንበት» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል።

የልደቷ ዕለት ሐመልማል ወጣችበት፣ ፎቶ ተነሳች፣ ወረደች። ቁልፉ አባቷ ኪስ ገባ።

«ስታድጊ ትነጂዋለሽ» አሏት።

ስታድግ ሞተሩ እንደማይበቃት ማንም አልነገራቸውም። ማን ደፍሮ ይነግራቸዋል? የመቀመጫው ላስቲክ እንኳን ሳይቀደድ ሞተሩ ሸራ ለብሶ ግቢ ውስጥ ተቀመጠ።

በየወሩ የሚያየው መርዕድ የሚባል መካኒክ ነበር። የመርዕድ ጋራዥ አራት ቋሚ፣ አንድ ቆርቆሮና አንድ የመፍቻ ሳጥን ነው፤ ቦታው የዕድሩ ስለሆነ የተቀመጠው በአቶ ዘውገ ደግነት ነው ማለት ይቻላል። እሳቸውም ይህን በየሳምንቱ ያስታውሱታል።

«ጋሼ፣ ጎማው በጣም ተነፍቷል» ይላቸዋል መርዕድ። «የዚህ ዓይነት ሞተር ጎማ ለስለስ ማለት አለበት። እንዲህ ከደረቀ እየዘለለ ልጅ ይጥላል።»

«እኔ ሃያ ዓመት የጭነት መኪና ያስተዳደርኩ ሰው ነኝ። ጎማ ካልጠነከረ ጎማ አይባልም።»

«እሺ። የአየር ማጣሪያው ፊልትሮ ግን አቧራ ጠግቧል፤ ላጥበው።»

«ቆሞ የሚውል ሞተር ከየት አምጥቶ ነው አቧራ የሚጠግበው?»

መርዕድም የገረመው ይኸው ነበር። ነገር ግን ቆርቆሮውን ቀና ብሎ አየና መፍቻውን ወደ ሳጥኑ መለሰ።

በስድስተኛው ወር ሞተሩ በጋሪ ተጭኖ ጋራዡ በር ላይ ተራገፈ። የፊት ሞላዎቹ ተኝተዋል፣ የግራ እግር ማሳረፊያው ወደ መሬት ተጣሟል፣ ካቴናው ተቆልፎ አልንቀሳቀስ ብሏል። አቶ ዘውገ በትንሹ እያነከሱ ከኋላ ደረሱ።

«ባለፈው ስትነካካው አበላሸኸው» አሉት። «ወይ በአዲስ ትተካለህ፣ ወይ ቦታውን ትለቃለህ። እሑድ ሽማግሌ ፊት እንገናኝ።»

መርዕድ ፈራ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ በጣም ነው የፈራው። ሦስት ልጆቹ የሚበሉት ከዚያች የመፍቻ ሳጥን ነው፤ ከዚያ ቆርቆሮ ሥር ቢወጣ መግቢያ የለውም። ሌላ የሚያደርገው ስላልነበረ ካቴናውን ፈታ። ውስጡ የተጠመጠመውን ነገር ሲያገኝ ግን ቁጭ ብሎ ለብቻው ሳቀ። አጠበውና አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

እሑድ ጠዋት ዕድሩ ቤት ሦስት ሽማግሌዎች ተሰየሙ። የሚመሯቸው ጋሽ እንግዳሸት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ፣ ለማንም የማይቸኩሉ ሰው። አቶ ዘውገ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ አንዱን ጫፍ ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ተቀመጡ። ሐመልማል ምስክር ትሆናለች ተብላ በር ላይ ቆማለች፤ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ እንኳ ቀጠን ያለች ነች።

«አቶ ዘውገ፣ ሞተሩን ማን ነድቶት ያውቃል?» አሉ ጋሽ እንግዳሸት።

«ከልጄ በቀር ማንም አልተቀመጠበትም። እግዜር ምስክሬ ነው! ቁልፉም ከኪሴ ወጥቶ አያውቅም።»

«ቁልፉ ከኪስዎ ካልወጣ ልጅቷ በምን ነዳችው?»

«ስትጠይቀኝ እሰጣታለሁ እንጂ!» አሉ አቶ ዘውገ ፈጠን ብለው። «መቼም ልጅ ናት፣ ትንሽ ዘልላበት ይሆናል። ልጅ ቢዘልበት ግን ይህን ያህል ይሰበራል? የመካኒኩ ሥራ ስለላላ ነው።»

ሐመልማል ቀና አለች። «አባዬ፣ እኔ እኮ...»

«ዝም በይ፤ አዋቂ ሲናገር አይገባም።»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ያላጠፋችው ጥፋት ትከሻዋ ላይ ሲጫን መርዕድ አየ፤ ፍርሃቱም ወደ ንዴት ተለወጠበት።

«አንተስ ምን ትላለህ?» አሉት ጋሽ እንግዳሸት።

መርዕድ ተነስቶ ቆቡን አወለቀ።

«አባቶቼ፣ ጋሼ ምለዋል። የነዳችው ሐመልማል ናት ካሉ እሷ ናት፤ እኔ አልከራከርም። ያየሁትን ብቻ ልናገር። ለአርባ ኪሎ የተሠራው ሞላ እንዲህ የተኛው ዘጠና ኪሎ የሚሆን ሰው ተቀምጦበት ነው። የፍጥነት መገደቢያው ብሎን በመፍቻ ተፈትቶ ወጥቷል። ካቴናውን የቆለፈው ደግሞ ይኼ ነው።»

ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ክንድ የሚያህል የጋቢ ጫፍ፣ ቀጭን አረንጓዴ ጥለት ያለበት።

ሽማግሌዎቹ ጨርቁን አዩ። ከዚያ ሦስቱም ቀስ ብለው የአቶ ዘውገን ጋቢ አዩ። አረንጓዴ ጥለት አለው። አቶ ዘውገ ብብታቸውን አጥብቀው ያዙ።

«ታዲያ እንዲህ እንፍረድ» አለ መርዕድ። «ይህች ልጅ በዘጠኝ ዓመቷ ዘጠና ኪሎ ከሆነች፣ ጋቢ ተከናንባ ሜዳ ለሜዳ ከጋለበች፣ ጋሼ እውነታቸውን ነው፤ እኔም ቦታውን ዛሬውኑ እለቃለሁ። ብቻ አደራችሁን፣ ሞተሩን ለኔ ተዉትና ልጅቷን ቶሎ ሐኪም ዘንድ አድርሱልኝ።»

ጋሽ እንግዳሸት የጨርቁን ቁራጭ አንስተው ያዙና፣ «አቶ ዘውገ፣ እስቲ እጅዎን ከፍ ያድርጉ» አሉ።

አቶ ዘውገ እጃቸውን አላነሱም፤ ቁልፉን ግን ከኪሳቸው አውጥተው ለልጃቸው ሰጡ። አሁን እሑድ እሑድ ሐመልማል የራስ መከላከያዋን አጥልቃ፣ መርዕድ እዚያው ቆርቆሮው ሥር በጠገነላት ሞተር፣ ባለሰለሰላት ጎማ ሜዳውን ትዞራለች፤ አባቷም ጫፍ የሌለው ጋቢያቸውን ሰብስበው «ኧረ ይህ ጎማ አልተነፋም!» እያሉ በእግራቸው ይከተሏታል።