ከሰባት ቤት ያመለጠች ተከታይ

አንድ ቀን መሐል ሜዳ ከተማ የበግ ተራ ውስጥ አንድ ወጣት በአንዲት በግ ፊት ተንበርክኮ ማይክሮፎን ደቀነባት።

«ለመሆኑ ስለ ዘንድሮው የፋሲካ ገበያ ምን ይሰማዎታል?» አላት፣ በአክብሮት።

በጓ ጥቂት አሰበች፤ ቢያንስ የምታስብ ትመስል ነበር። ከዚያ የማይክሮፎኑን ስፖንጅ ነክሳ ወሰደችና ማኘክ ጀመረች። ወጣቱም ወደ ስልኩ ዞሮ፣ «ውድ ተከታታዮቼ፣ እንዳያችሁት እንግዳችን በዋጋው አልተስማሙም» ብሎ ዘገባውን ዘጋ።

ኪሩቤል ይባላል። ኢንተርኔት ላይ ቻናል ከፍቶ ከበጎች ጋር ቃለ መጠይቅ ያደርጋል። ለምን በጎችን እንደመረጠ ለጠየቀው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ ሻጩንም ገዢውንም ጋዜጠኛ ሁሉ ይጠይቃቸዋል፣ በጉን ግን የጉዳዩ ዋነኛ ባለቤት ሆኖ ሳለ እስካሁን ዞር ብሎ ያየው የለም። በዚህ ክርክር ላይ ስህተት ማግኘት ከባድ ነው። ተከታይ ማግኘት ግን ከዚያም ይከብዳል።

ጀማሪዎችን የሚያሠለጥን አንድ ሰው በቪዲዮ፣ «በወዳጅ ዘመድ ጀምሩ፤ ባዕዱ ራሱ ይመጣል» ሲል ሰምቶ ነበርና ኪሩቤል በእናቱ ጀመረ። ወይዘሮ እልፍነሽ ስልካቸውን አውጥተው ልጃቸው ያሳያቸውን ቦታ ተጫኑ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም አንድ ቪዲዮ አምልጧቸው አያውቅም። ከእናቱ ቀጥሎ አክስቶቹ፣ ከአክስቶቹ ቀጥሎ የአክስቶቹ ልጆች ተከተሉት። ዘመድ አለቀ። ኪሩቤል ቁጭ ብሎ ባዕዱን ጠበቀ። ባዕዱ ግን ሌላ ጉዳይ ሳይኖረው አልቀረም።

ይሄ ሁሉ ሲሆን አባቱ አቶ ዘለቀ ከዳር ሆነው ያዩ ነበር። አቶ ዘለቀ ባለ ወፍጮ ናቸው፤ የሚታወቁት ግን በወፍጯቸው ሳይሆን ዘር በመቁጠር ነው። በዚያ አገር ልጅ ሲታጭ ሁለቱ ወገኖች ሰባት ቤት ድረስ ዘር ይቆጥራሉ፤ ከሰባት ቤት በታች ዝምድና ከተገኘ ጋብቻ የለም። ቆጠራው አንድ ቦታ ላይ ሲጠፋ ሰው የሚላከው አቶ ዘለቀ ዘንድ ነው። እሳቸውም ይመጣሉ፣ ጣታቸውን ይዘረጋሉ፣ ይቆጥራሉ። አንድ ጊዜ ዳስ ተጥሎ፣ ጠላው ደርሶ፣ ሙሽራው ሱፉን ከለበሰ በኋላ፣ ስድስተኛው ቤት ላይ ሁሉም የረሳትን አንዲት አያት አግኝተው ሠርግ አፍርሰዋል። ሙሽራው እስከ ዛሬ ሲያያቸው መንገድ ይቀይራል። እሳቸው ደግሞ ከኋላው እያዩ፣ «አረማመዱ የአያቱ ነው» ይላሉ፣ በፍቅር።

የበጓን ቃለ መጠይቅ ያዩ ዕለት ልጃቸውን ጠሩት።

«እነዚህ ‹ውድ ተከታታዮቼ› የምትላቸው እነማን ናቸው?»

«ተመልካቾቼ ናቸው፣ አባባ።»

«እስቲ ጥራቸው።»

ኪሩቤል ጠራቸው። ብዙ ጊዜ አልፈጀም።

«ይኸማ ተመልካች አይደለም፣ የቤተሰብ ጉባኤ ነው!» አሉ አቶ ዘለቀ። «ዘመድማ ብታብድም ይከተልሃል፤ እንዳትጠፋ ብሎ። ስማኝ፣ እኔ ክፉ አባት አይደለሁም። እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ጊዜ ሰጥቼሃለሁ። እስከዚያ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ እስከ ሰባት ቤት የማይዛመድ ሰው ወዶ ከተከተለህ፣ ከበግም ጋር አውራ፣ ከፍየልም ጋር አውራ፣ አፌን አልከፍትብህም። ካጣህ ግን ስልኩ ይሸጣል፤ አንተም ወፍጮ ቤት ትገባለህ።»

ኪሩቤል ወፍጮ ቤቱን አሰበ። ሞተሩ ሲነሣ ሰው የገዛ ሳሉን እንኳ አይሰማም። ለዓለም ሊናገር የተነሣ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ማንም በማይሰማበት ቤት ውስጥ በእጅ ምልክት እያወራ፣ ዱቄት ለብሶ ሊኖር ነው።

«የማይዛመድ ያሉት ከኔ ጋር ነው ከአንቱ ጋር?»

«ከኔ ጋር ነዋ! አንተ ደግሞ ማንን ታውቅና! ቆጣሪው እኔ ነኝ።»

ኪሩቤል ሥራ ጀመረ። በመጀመሪያ ያገኘው አዲሱን ፀጉር አስተካካይ ነበር። ሰውዬው ወደ ከተማው የመጣው በቅርቡ ነው፤ ስለ በጎቹም አስተያየት ጽፏል። ኪሩቤል እየሮጠ ለአባቱ ነገራቸው። አቶ ዘለቀ ወዲያው ፂማቸውን ሊላጩ ሄዱ። ሲመለሱ ፂማቸው ግማሹ ብቻ ነበር የተላጨው።

«አራተኛ ቤት» አሉ። «ደንግጦ ምላጩን ጣለው። አሁን ሊስመኝ ሲል ነው ያመለጥኩት።»

ቀጥሎ ኪሩቤል የማያወላዳ ሰው አገኘሁ ብሎ ተደሰተ። መንገድ የሚሠሩት ቻይናዊው ኢንጂነር፣ ሚስተር ሊ፣ ምኑም ባይገባቸው ቪዲዮዎቹን እየሳቁ ያያሉ። ኪሩቤል በሙሉ ልብ፣ «እስቲ እሳቸውን ይቁጠሯቸው!» አለ።

አቶ ዘለቀ ትንሽ እንኳ አላሰቡም።

«ሊን ነው? ሊማ የእህቴ የትርንጎ የጡት ልጅ አይደለም እንዴ! ባለፈው ክረምት ታሞ ስታስታምመው ጊዜ፣ ‹ልጄ ነህ› ብላ አውራ ጣቷን ማር አስነክታ አጥብታዋለች። ሰው ሁሉ እያየ። የጡት ልጅ ደግሞ ከሥጋ ልጅ አያንስም። ሊ የእህቴ ልጅ ነው።»

«እሳቸው ማሩን ነው የቀመሱት እንጂ ዝምድናው መች ገባቸው!»

«ዝምድና ሲገባህም ሳይገባህም ዝምድና ነው።»

ወይዘሮ እልፍነሽ ከጓዳ ሆነው፣ «ኧረ እባክዎ አቶ ዘለቀ፣ ለልጁ ይዘኑለት እንጂ» አሉ።

«አንቺ ደግሞ አትግቢ፤ ይኸ የዘር ጉዳይ ነው።»

ዳግማይ ትንሣኤ ደረሰ። አቶ ዘለቀ ነገሩ ምስክር እንዲኖረው ብለው የንስሐ አባታቸውን መምሬ ጥበቡን ጠሩ። መምሬ መስቀላቸውን ይዘው፣ የፋሲካ ጥሉላት ወዙ ገና ከፊታቸው ሳይጠፋ መጥተው መደብ ላይ ተሰየሙ። ስልኩ መሶቡ አጠገብ ተቀመጠ፣ ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ ኤግዚቢት።

«የመጨረሻ ቃል አለህ?» አሉ አቶ ዘለቀ።

«ተከታይ አለኝ» አለ ኪሩቤል። «ጂንካ የሚኖሩ አስተማሪ ናቸው። መሐል ሜዳን በካርታ እንኳ አያውቋትም።»

«ደውልለት።»

ኪሩቤል ደወለና ድምፁን ከፍ አደረገው። አስተማሪው የቻናሉ ባለቤት ስለደወለላቸው ደስ ብሏቸው፣ «እንዴት ናቸው በጎቹ?» ሲሉ ጠየቁ።

«በጎቹ ደህና ናቸው» አሉ አቶ ዘለቀ፣ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው። «የማን ልጅ ነህ?»

«ይቅርታ?»

«ስምህ?»

«ይትባረክ።»

«ይትባረክ የማን?»

«ይትባረክ ሽፈራው… ምነው፣ ችግር አለ እንዴ?»

«ሽፈራው የማን?»

«የ… የተክለማርያም። ኧረ ማን ልበል ጌታዬ? ከፖሊስ ነው?»

«ከዘመድ ነው። ይኸ ተክለማርያም አገሩ የት ነው?»

«በወታደርነት ከሰሜን መጣ ሲሉ እሰማለሁ። እኔ አልደረስኩበትም።»

አቶ ዘለቀ ዐይናቸው በራ። አንድ ጣት አጠፉ።

«ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ነበረው?»

«አላውቅም ጌታዬ፣ ከመወለዴ በፊት ነው የሞተው።»

«ነበረው! ጌራ ምድር በሬ ወግቶት ነው። ኩርፍ ብሎ የሄደውም በዚያው ነው፤ በሬው የአጎቱ ስለነበረ። የተክለማርያም እናት ወለተ ኪዳን ትባላለች። የወለተ ኪዳን ወንድም አክሊሉ ነው። አክሊሉ ደግሞ…» ጣታቸው ሁሉ ታጥፎ አለቀ፣ ተመልሶም ተዘረጋ። «…አያቴን ወለደ! አምስት ቤት! ልጄ፣ ተገናኘን!»

አስተማሪው፣ «እኔ እኮ በዚህ አገር ሰው የለኝም ብዬ ነበር የምኖረው» አሉ። መምሬ ጥበቡ ዐይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«እንዴት ሰው የለህም፣ እኔ እያለሁ!»

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። እንግዲህ ዘመድ ከሆንን፣ መጪው ፋሲካ ላይ ከነዚያ በጎች አንዱን ብትልኩልኝ…»

«መስመሩ እየተቆራረጠ ነው» አሉ አቶ ዘለቀና ስልኩን በራሳቸው እጅ ዘጉት።

ኪሩቤል አንገቱን ደፋ። አቶ ዘለቀ ግን በድል ሰክረው ብድግ አሉ፤ ጋቢያቸውን አጣፉ፤ እንደ ፎካሪም ቤቱ መሐል ወዲያና ወዲህ ተመላለሱ።

«አየህ? ጂንካ ድረስ ሄደህ ያመጣኸው የኔው ሰው! ሞኝህን ፈልግ! ከፈለግህ ጎሬ ሂድ፣ ከፈለግህ መተማ ውረድ፣ በዚህ አገር ከዘለቀ ሰባት ቤት የሚያመልጥ ሰው አልተወለደም! አልተወለደም!»

ኪሩቤል ቀና አለ።

«አንድም ሰው?»

«አንድም!»

«መምሬ፣ ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ ልጄ» አሉ መምሬ።

«ደግሜም እለዋለሁ» አሉ አቶ ዘለቀ፤ «አንድም ሰው የለም! በል ስልኩን ወዲህ በል።»

ኪሩቤል ስልኩን አነሣ፤ አልሰጣቸውም ግን። ተከታዮቹ የተዘረዘሩበትን ከፍቶ ከሁሉ በታች ያለውን፣ የመጀመሪያውን ስም አሳያቸው። እልፍነሽ ይላል።

«ይኸማ እናትህ ናት!»

«እናቴ ናቸው። ግን ‹ከኔ ጋር የማይዛመድ› ነበር ያሉት፣ አባባ፤ ‹ከአንተ ጋር› አላሉም። እንግዲህ እማማ ወደው፣ ማንም ሳያስገድዳቸው ይከተሉኛል። አሁን ምርጫው የአንቱ ነው፤ ወይ ‹አትዛመደኝም› ይበሉና ስልኬን ይተዉልኝ፣ ወይ ‹ትዛመደኛለች› ይበሉና መምሬ መስቀላቸውን እንደያዙ እዚሁ ያፋቷችሁ።»

መምሬ ጥበቡ መስቀላቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው፣ አያስፈልግም እንጂ ካስፈለገ ዝግጁ ነኝ በሚል ሁኔታ ያዙት። ወይዘሮ እልፍነሽ ከጓዳ ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ፤ እጃቸውን አጣምረው መልሱን የሚጠብቁት እሳቸው ነበሩ። አቶ ዘለቀ ጣታቸውን ዘረጉ፤ አንዱን አጠፉ፤ ሁለተኛውን ሊያጥፉ ሲሉ የሚስታቸውን ፊት አዩና እጃቸውን ቶሎ ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ።

«አትዛመደኝም» አሉ።

«ጮክ ብለው፣ አባባ፤ መምሬ ጆሯቸው ይከብዳል።»

«አትዛመደኝም! ባዕድ ናት! ፍጹም ባዕድ!»

«ይህን ያህል ዓመት ባዕድ ቤት ነው የኖርኩት?» አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ። ቀስ ብለው ሄዱ፤ መምሬ አጠገብ መደቡ ላይ ከፍ ብለው ተቀመጡ፤ እግራቸውንም ወደ ባላቸው ዘረጉ። «እንግዲያውስ እንግዳ ነኝ። መንገዱ አድክሞኛል፤ እግሬን ይጠቡኝ።»

አቶ ዘለቀ መምሬን አዩ፤ መምሬም፣ «እንግዳ መቀበል ትእዛዝ ነው» አሉ፤ ያን ጊዜ አቶ ዘለቀ ከተጋቡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳፋው የት እንደሚቀመጥ ጠየቁ።