የእድሩ ድንኳን የዋለበት ቀን

በእኛ በግራር ሜዳ አንድ ሰው ነገሩን ሳይጠይቅ ካጨበጨበ፣ ወይም ሳይሰማ «በጣም ጥሩ!» ካለ፣ አጠገቡ ያለው ሰው አንዲት አባባል ጣል ያደርግበታል። እንግዳ ሲሰማት ወዲያው ይስቃል። የሰፈሩ ሰው ግን መጀመሪያ ትንሽ ዝም ይላል፤ ከዚያ ነው የሚስቀው። ዝም የሚልበት ምክንያት አለው።

ያኔ ቀበሌያችን ቀን ማክበር ይወድ ነበር። የእጅ መታጠብ ቀን፣ የችግኝ ቀን፣ መኪና በገበያ ቀን ብቻ በሚያልፍበት ሰፈር የትራፊክ ደህንነት ቀን፣ ሁሉም በየተራው ይከበራል። ድንኳን የነበረው ግን እድሩ ብቻ ነው። ስለዚህ የእድራችን ድንኳን ለልቅሶ ከተተከለበት ለቀን የተተከለበት ይበልጥ ነበር።

የአረጋውያን ቀን ደረሰና ድንኳኑ ከዋዜማው ሜዳው ላይ ተተከለ። ግንባሩ ላይ ባነር ተሰቀለ። በዓለም ለስንተኛ ጊዜ እንደሚከበር ኮሚቴው ስላልተስማማ የቁጥሩ ቦታ ባዶ ነው። ለሰፈሩ ታላቅ ሽማግሌ ለአቶ ወልደሰንበት የሚሸለም ጋቢም ተገዝቶ ስማቸው ተለጥፎበታል። አቶ ወልደሰንበት ግን በዕለቱ ንጋት ላይ ዐረፉ። ቤታቸው ከሜዳው ፊት ለፊት ነው።

ልጃቸው ትርንጎ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ድንኳኑ ደጃፍ ወንበር ወደሚያስደረድረው ወደ አቶ ስንታየሁ መጣች። ስንታየሁ የቀበሌው የማኅበራዊ ጉዳይ ኃላፊ ነው።

«አባቴ ለዚህ ድንኳን ዕድሜ ልኩን አዋጥቷል» አለችው። «ዛሬ ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ አይቀመጥም። ማይክራፎን አልፈልግም፣ ጭብጨባ አልፈልግም። በወጉ ይለቀስለት።»

«እንዴታ እህቴ! ድንኳኑ የእናንተ ነው» አለ ስንታየሁ። አንገቱን አከከ። «ባነሩ ብቻ እንደተሰቀለ ይቆይልኝ። የክብር እንግዳው ከወረዳ እየመጡ ነው፤ ፎቶ ካልተነሡ ቀኑ እንዳልተከበረ ነው የሚቆጠርብኝ። መርዶውን ከመኪና ሳይወርዱ እነግራቸዋለሁ። ነፍስ ይማር ብለው ይሄዳሉ።»

ትርንጎ ባነሩን ቀና ብላ አየችው። ለመጨቃጨቅ አቅም አልነበራትም።

«ጭብጨባ ከሰማሁ ግን...»

«ወንድምሽን እመኚው!»

ለቀስተኛው ገብቶ ተቀመጠ። ከፊት የሟቹ ባልንጀራ አያ ድልነሳው አገጫቸውን ከዘራቸው ላይ አሳርፈው ተቀምጠዋል።

ረፋዱ ላይ መኪናው መጣ። እንግዳው በአንድ ቀን ሦስት ቀን የሚያከብሩ ሰው ናቸው። እግራቸው መሬት ሳይነካ፣

«የዛሬው የማን ቀን ነው?» አሉ።

«የአረጋውያን ነው ጌታዬ፤ ግን...»

«ግኑን በኋላ ትነግረኛለህ።»

«ኧረ ጌታዬ፣ አንድ ነገር ተፈጥሮ...»

«ባነሩን አይቼዋለሁ፣ ቆንጆ ነው። ሽልማቱ ይሄ ነው?» ጋቢውን ከስንታየሁ ክንድ ላይ ነጠቅ አድርገው ገቡ።

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ፣ አንገቱን ደፍቶ ዝም ብሏል። እንግዳው ደስ አላቸው።

«እንዲህ ያለ ሥነ ሥርዓት ያለው ታዳሚ ገጥሞኝ አያውቅም!» ብለው ጀመሩ። «አረጋውያንን በቁማቸው እናክብር! ስንቶቹ ሳይመሰገኑ አልፈዋል!»

ጥግ ላይ ያሉ ሴቶች ተንሰቀሰቁ። የእንግዳው ንግግር ከዚያ በፊት ሰው አስለቅሶ ስለማያውቅ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ልቅሶው ባሰ። ስንታየሁ ከኋላ ኮታቸውን ጎተተ።

«እየጨረስኩ ነው» አሉት። ጋቢው ላይ የተለጠፈውን ስም አነበቡ። «አሁን የዕለቱ ተሸላሚ አቶ ወልደሰንበት ወደ ፊት ይምጡልን! ረጅም ዕድሜ ይስጥልን!»

ድንኳኑ በአንድ ጊዜ ዋይታ ሆነ።

«እልል በሉላቸው እንጂ!» አሉ እንግዳው። እልል የሚል ሲጠፋ ራሳቸው ጀመሩት። እልልታው ተከታይ አጥቶ መሀል ላይ ብቻውን ቀረ። በጭብጨባ ሊያግዙት ሞከሩ።

ትርንጎ ተነሥታ ወደ እሳቸው ሄደች።

«ልጃቸው ነሽ? ጎሽ! አባትሽስ የታሉ?»

«ቤት ነው» አለች።

ጋቢውን ከክንዳቸው ላይ ወሰደች። ሜዳውን አቋርጣ ቤት ገባች። በሩ ክፍት ስለነበር ከድንኳኑ ሁሉም አያት፤ ጋቢውን ዘረጋችና አባቷን ከራስ እስከ እግር አለበሰችው። እንግዳውም አዩ። ሊያጨበጭቡ ያነሡት እጅ አየር ላይ ቀረ።

ተመልሳ ስትመጣ የባነሩን አንድ ጫፍ ፈታች። ሌላውን ጫፍ ሳትጠይቀው ስንታየሁ ራሱ ፈታው።

እንግዳው አያ ድልነሳው አጠገብ አግዳሚው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ወደሚቀጥለው ቀን ለመሄድ የቸኮሉ አይመስሉም።

«አባቴ» አሉ በሹክሹክታ፣ «ለምን አልነገራችሁኝም?»

አያ ድልነሳው አገጫቸውን ከከዘራቸው ላይ ሳያነሡ፣ ለማንም የማይናገሩ መስለው እንዲህ አሉ፦ «ድንኳን አይቶ እልል፣ ማን ሞተ ሳይል።»