ወደ ፋብሪካ የተላኩ ሽማግሌዎች

አንዲት ሴት ነበረች። ስሟን ለእኔ ተዉት። አዳማ ውስጥ በአንዲት የኪራይ ቤት አራት የስፌት መኪና ነበራት፤ ሦስት ሴቶች አብረዋት ይሰፋሉ። የመኪኖቹ ድምፅና ሴቶቹ በሬዲዮ ጣቢያ ምርጫ የሚያነሡት ጭቅጭቅ ግቢውን ይሞላዋል። «ኧረ ዝም በሉ» ትላቸዋለች። ዝም እንዲሉ ግን አትፈልግም ነበር።

አንድ ትልቅ ፋብሪካ ሦስት መቶ የሥራ ቱታ አዘዛት። ጨርቁን በዱቤ ገዛች፣ ሰፍታ አስረከበች። «ክፍያው በወር ውስጥ ነው» አሏት። ወሩ አለፈ። ሦስት ወር ሆነ። ደመወዝ የምትከፍለው ሲያልቅባት ሴቶቹን «ብሩ ሲመጣ እጠራችኋለሁ» ብላ ሸኘቻቸው። መስኮቱ ሥር የምትሰፋው ልኬለሽ ከሁሉም ኋላ ወጣች። መኪናዋን በጨርቅ ሸፍና «ቶሎ ጥሪን እሺ፣ እትዬ» አለቻት።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ዝም አለ። ሴትዮዋ ጠዋት ጠዋት ብቻዋን ተቀምጣ አንዱን መኪና ትረግጣለች፤ የሦስቱን ድምፅ ትናፍቃለች። ናፍቆት ያለበት ሰው ይህን ያውቃል።

ታዲያ ምን አደረገች? ከሰሰች? አልከሰሰችም። ደብዳቤ ጻፈች? አልጻፈችም። ሽማግሌ ላከች። አዎ፣ ለፋብሪካ ሽማግሌ ላከች። አትሳቁ፤ እናንተም ብትሆኑ ይህንኑ ነበር የምታደርጉት።

ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለብሰው ሄዱ። ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ተነሣ፣ ትከሻቸውን ሳመ፣ «ለእናንተ ስል አስፈጽማለሁ» አለ። በወሩ ሥራ አስኪያጁ ተቀየረ። እንደገና ተላኩ፤ አዲሱም ተነሣላቸው። «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ መሰለሽ» አሏት ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጋሽ ደምመላሽ። ሁሉም ተነሣ፣ ማንም አልከፈለም።

ጎረቤቶቿ «ለምን በሕግ አትጠይቂም?» ሲሏት «ሽማግሌዎቼን ቆሞ የተቀበለን ሰው ልክሰስ? ሰው ምን ይለኛል?» ትላለች።

በስምንተኛው ወር አላስችል ሲላት፣ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉት አቶ ይርዳው ዘንድ ሄዳ ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው።

«የርክክብ ወረቀት አለሽ?» አሏት።

ነበራት። ውሉም፣ የፋብሪካው ማኅተም ያረፈበት የርክክብ ወረቀትም በስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ተጣጥፈው ተቀምጠው ነበር።

«ይህን ይዘሽ ነው ሽማግሌ የላክሽው? ልጄ፣ ሽማግሌ የተጣላ ሰው ያስታርቃል። ሰውየው ሲቀየር ቃሉም አብሮት ሄደ። ድርጅት የሚሰማው የተጻፈ ነገር ነው። መጀመሪያ ቀነ ገደብ ያለው ማስጠንቀቂያ እንጽፋለን፤ መዝገብ ቤታቸው አስገብተሽ ግልባጩን በማኅተም ትይዢያለሽ። በየወሩ እንክፈል ካሉሽ በጽሑፍ ተዋዋያቸው። ዝም ካሉ፣ ውልና ርክክብ በእጅሽ ስላለ ፍርድ ቤቱ ነገሩን ሳያንዛዛ በአጭር ሥነ ሥርዓት እንዲያይልሽ እንጠይቃለን። ብቻ አትቆዪ፤ ይርጋ የሚባል ነገር አለ። መብትም ሳይጠየቅ ዘመኑ ካለፈ ይቀራል።»

«ይቀየሙኝ ይሆን?» አለች።

«ማን?» አሏት አቶ ይርዳው።

ወረቀቶቹን ከመሳቢያው አምጥታ ሰጠቻቸው፤ ማስጠንቀቂያውን ጻፉላት።

ደብዳቤውን ይዛ ወደ ፋብሪካው ሄደች። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ከወንበሯ ሳትነሣ ተቀበለቻት፤ ግልባጩ ላይ ማኅተም መታ አድርጋ መለሰችላት። በአሥራ አንደኛው ቀን ስልኳ ጠራ። ግማሹን በቼክ ሰጧት፣ ለቀሪው ውል ፈረሙላት። የሒሳብ ሹሙም «እስከ ዛሬ የት ነበርሽ? በስምሽ የቀረበ ጥያቄ እኮ የለም» አላት።

ወገኖቼ፣ ይህችን ሴት አስቡልኝ። ይህን ሁሉ ወር ስትጠይቅ የኖረች መስሏት፣ ለካ አልጠየቀችም!

ከፋብሪካው በር ሳትርቅ ለሴቶቹ ደወለች። ሁለቱ በማግስቱ መጡ። የልኬለሽን ስልክ ግን እናቷ አነሡት።

«አምስት ወር ሙሉ ስልኩን ከእጇ ሳታወርድ ጠበቀችሽ» አሏት። «ባለፈው ሳምንት ዓረብ አገር ሄደች።»

ዛሬ ሦስቱ መኪኖች ይሠራሉ። መስኮቱ ሥር ያለው እንደተሸፈነ ነው። ሴትዮዋ ጠዋት ጠዋት የላዩን ጨርቅ ታነሣና አራግፋ መልሳ ታለብሰዋለች። ብሩን ደብዳቤ አመጣላት፤ ልኬለሽን የሚያመጣ ደብዳቤ ግን አቶ ይርዳውም አያውቁም።

እናንተስ? ልጅህ ከቤት ከወጣ ስንት ጊዜው ነው? እህትሽን ካኮረፍሻት ስንት ዓመት ሆነሽ? ሰው ልካችኋል፣ አውቃለሁ። ራሳችሁ ግን «ናፈቅኸኝ፣ ናፈቅሽኝ» ብላችኋል? ፈጣሪያችሁንስ? «ጸልዩልኝ» ብላችሁ ያላስቸገራችሁት ሰው የለም። እናንተ ራሳችሁ የተንበረከካችሁት መቼ ነው? ይቀየመኛል ብላችሁ ነው? ማን?

ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ፣ መንገድ ላይ ሳላችሁ ደውሉ። ስልኩን ከእጁ ሳያወርድ የሚጠብቃችሁ ሰው አለ።