ውኃ ጠባቂው አያ ጅቦ

አንድ ጊዜ፣ ወንዙ በደረቀበት በጋ፣ ለአያ ጅቦና ለእመት አህያ የቀረላቸው ውኃ በሁለት የአለት ጉድጓዶች ያለው ብቻ ነበር። አንዱ ጉድጓድ እንደ ሰፌድ ዝርግ ነው፤ ሌላው ጠባብና ጥልቅ ሆኖ ከዋርካ ሥር ይገኛል። የያዙት ውኃ እኩል ነው። አያ ጅቦ ግን ሰፊውን ሲያይ ዓይኑ ቀላወጠና «ትልቁ የኔ ነው» ብሎ ቀድሞ ተቀመጠበት። አህያም ከጅብ ጋር ምን አከራከራት፣ ጠባቡን ወሰደች።

ብዙ ሳይቆይ የጅቦ ውኃ ጎደለ። የአህያዋ ግን እምብዛም አልጎደለም። አያ ጅቦ ግራ ገባው። ግራ ሲገባው የሚያስበው በሆዱ ስለሆነ፣ ሌባዋ አህያ ናት፣ ትበላ ብሎ ደመደመ። ይህን የሰማች ቀበሮ አንድ ብልሃት አመጣች፦ አህያዋ ታስራ ትዋል፣ ጅቦም ውኃውን ራሱ ይጠብቅ። ውኃው ካልጎደለ ሌባዋ እሷ ናትና ትበላለች፤ ከጎደለ ግን ትፈታለች። ጅቦ ምራቁን እየዋጠ ተስማማ።

ጥበቃውንም አጠበቀ። ሌባ እንዳይደበቅበት ብሎ ለጉድጓዱ ጥላ የሆነውን ቁጥቋጦ ነቅሎ ጣለ። ሩቅ ለማየት ብሎ ነፋስ የሚከልለውን ድንጋይ ገፍቶ አነሣ። ከዚያ በጠራራ ፀሐይ ዓይኑን ውኃው ላይ ተክሎ ተቀመጠ። ነፋሱ ይነፍሳል፣ ውኃው ከጠርዙ እየሸሸ ይሄዳል፣ የመጣ ግን ማንም የለም። አመሻሹ ላይ የቀረው እርጥብ ድንጋይ ነበር።

«አህያዋ እንደታሰረች ናት» አለች ቀበሮ። «እዚህ የዋለው ማነው ታዲያ?»

«እኔ ብቻ» አለ ጅቦ። ምላሱን አውጥቶ ዳሰሰው፤ ደርቋል። «ጠጥቼዋለሁ እንዳልል ጠምቶኛል። አልጠጣሁም እንዳልል ውኃው የለም።»

አህያ ተፈታች። ብትፈራውም አንጀቷን በላትና ከጉድጓዷ እንዲጠጣ ፈቀደችለት። አያ ጅቦ ጉንጩ እስኪወጠር ተጎነጨ፤ ግን አልዋጠውም። እየሮጠ ሄዶ ዝርጉ ድንጋይ ላይ ተፋውና፣ በዝቶ ሲታየው ደስ ብሎት እንደገና ሊጠብቅ ተቀመጠ።

ከዚህ የምንማረው፣ ያለን ነገር ሲጎድልብን ሌባ ፍለጋ ከመነሣታችን በፊት ያስቀመጥንበትን ቦታ መመርመር እንዳለብን ነው።