ጦስኙና የሰሊጡ ዘይት

አንድ ጊዜ ከተራራ ግርጌ አንዲት አህያ ብቻዋን ትኖር ነበር። ጎረቤቷ የነበሩት ወጌሻዋ እማማ ኤሊ ካረፉ ሁለት ክረምት አልፏል፤ እሷ ግን አልረሳቻቸውም። በደጉ ጊዜ አህያ ከተራራው ጦስኝ ትጭናለች፤ እማማ ኤሊ ደግሞ እንደ አረቄ አፍልተው ዘይቱን በእንፋሎት ያወጣሉ። ከአንድ ሙሉ ጭነት የሚገኘው አንዲት ብልቃጥ ንጥር ዘይት ብቻ ነበር። ከእሱ ሦስት ጠብታ በአንድ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት ለውሰው የደከመ ጀርባዋን ያሹላት ነበር።

«ሰሊጡ ተሸካሚ ነው፣ ልጄ፤ ጦስኙ ጭነት። ጭነት ያለ አህያ የት ይደርሳል?» ይሏት ነበር እየሳቁ።

አሁን የቀረችው አንዲት ብልቃጥ ናት። አህያ ሆድ ሲብሳት ክዳኗን ከፈት አድርጋ ታሸትትና፣ ሽታው እንዳይተንባት ቶሎ ትዘጋታለች።

አንድ ማለዳ አያ ጅቦ እያነከሰ መጣ።

«እመት አህያ፣ ቁርጥማት ገደለኝ! ወይ መድኃኒት ስጪኝ፣ ወይ ቁርሴ ትሆኛለሽ!»

አህያ የሰሊጡ ዘይት ያለበትን ቅል አወጣች። ብልቃጧን ለመክፈት ልቧ እምቢ ቢላትም ነፍስ ይበልጣልና ከፈተቻት። «ሦስት ጠብታ ይበቃሃል። መጀመሪያ ሰሊጡን…»

«ሽታ የሌለው ዘይት ምን ያደርግልኛል? በአባቴ አጥንት፣ ልታታልይኝ ነው!» አለና ብልቃጧን ነጥቆ ወገቡ ላይ ገለበጣት።

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ ጅቦ ግን የሚለቅመውም አላገኘ። «እሳት! እሳት!» እያለ ወደ ወንዙ በረረ፤ ውሃውም ምንም አልፈየደለት።

አህያ ባዶዋን ብልቃጥ አይታ አለቀሰች። «ይበለው!» አለች መጀመሪያ። ጩኸቱ አላስቀምጥ ሲላት ግን ቅሏን በጥርሷ ይዛ ወደ ወንዙ ወረደች።

«ዘይትን የሚያለዝበው ዘይት ነው፤ አርፈህ ተኛ!» ብላ ሰሊጡን አፈሰሰችበትና በአፍንጫዋ አሸችው። ቃጠሎው ቀስ በቀስ በረደ።

«ይሄ ሽታ የሌለው ነው ያዳነኝ?» አለ ጅቦ። መልስ ሳይጠብቅ አፍሮ ሄደ።

አህያ ቤቷ ስትደርስ ግን የጦስኙ ሽታ ከአፍንጫዋ አልጠፋም፤ ሰሊጡ ይዞታል። ሦስት ቀን ሙሉ፣ ሣር ስትግጥም ስትተኛም፣ እማማ ኤሊ አጠገቧ የተቀመጡ መሰላት፤ ደስም አላት፣ ናፈቋትም። በአራተኛው ቀን ሽታው ጠፋ። ያን ዕለት አህያ ማንም ሳይነዳት፣ በሰሊጥ ዘይት የምትዘፈዝፈው ጦስኝ ልታመጣ ወደ ተራራው ወጣች።

ከዚህ የምንማረው ብርቱ ነገር ብቻውን እንደሚያቃጥል፣ መድኃኒት የሚያደርገውም ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው ዝምተኛ ተሸካሚው መሆኑን ነው።